ብርሃን ሲመሰክር፦ ከኢብኑል ሀይሠም ጨለማ ክፍል እስከ ዘመናችን ሶላር



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻይ ወይም ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዲላ ወጣ ብላ ለምትገኝ አንዲት የገጠር መስጂድ ሶላር ተገዛላት። ገንዘቡ የተዋጣው በቡና ለቀማ ወቅት ነው። ከሸጠው እሸት ቡና ላይ ቀንሶ የሰጠ አለ፤ እንቁላል ሸጠው ያመጡ እናቶች አሉ። «ኡስታዝ ከተማ ነው የሚኖረው፤ እሱ ያውቃል» ተባለና መርጦ የመግዛቱ አደራ በእኔ ላይ ወደቀ። ሱቅ ገብቼ ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን መረጥኩ። ሻጩም «ሃያ ዓመት አትነኩትም» አለኝ።

የመጀመሪያው ረመዳን ያማረ ነበር። ተራዊሕ በብርሃን ተሰገደ። ልጆቹ የኩራዝ ጭስ ሳይማቸው ቀሩ። እኔ ደረሳ እያለሁ አፍንጫዬ በጥላሸት እየጠቆረ ነበር የምቀራው፤ ስለዚህ ያንን ሳይ ደስታዬ ልዩ ነበር። ሁለተኛው ረመዳን ሳይደርስ ግን መብራቱ መድከም ጀመረ። በመጨረሻም ዒሻ ሳያልቅ የሚጠፋ ሆነ። ባለሙያ መጥቶ በቴስተር ለካና «ባትሪው ደህና ነው፤ የደከመው ፓነሉ ነው» አለን። ፓነሉ ሲታይ ግን አዲስ ነው። ስንጥቅ የለው፣ ጭረት የለው።

ያኔ አንድ አዛውንት ጠየቁኝ። «ኡስታዝ፣ ይህ ነገር ሲገዛ ታሞ ነበር ወይስ እኛ ጋ መጥቶ ነው የታመመው?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሲገዛ ታሞ ከነበረ ጥፋቱ የሻጩ ነው፣ የእኔም ነው። እኛ ጋ ከታመመ ደግሞ የዝናቡ፣ የእርጥበቱና የአሰቃቀሉ ነው። አንድ ዕቃ ከላይ አምሮ ከውስጥ ሲበሰብስ በምን ይታወቃል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። መልሱ በብርሃን ውስጥ እንዳለ ተረዳሁ። የመልሱ ታሪክ መነሻ ደግሞ ስማቸውን በኩራት እየጠራን ሥራቸውን ብዙም የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው።

▪ ጨለማው ክፍል

አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም በ965 ገደማ፣ በ354 ሂጅሪያ፣ በበስራ ተወለደ። ታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል ቂፍጢ እንደሚተርከው፣ ይህ ሰው የዓባይን ወንዝ ሙላትና ጉድለት መቆጣጠር የሚያስችል ሥራ መሥራት እንደሚቻል ተናግሮ ነበር። ወሬው የግብፁ ፋጢሚያዊ ገዥ አል-ሓኪም ጆሮ ደረሰና አስጠራው። ያ ውሃ አብዛኛው ከእኛ ተራሮች የሚወርድ መሆኑን ልብ በሉ። ኢብኑል ሀይሠም ወንዙን ተከትሎ እስከ አስዋን አካባቢ ወጣ። በመንገዱ ላይ የጥንት ግብፃውያንን ግዙፍ ሕንፃዎች አየና «ይህን የሠሩ ሰዎች ቢቻል ኖሮ ወንዙንም በገደቡት ነበር» ሲል አሰበ። ተመልሶም እንደማይቻል አመነ። ከዚያም የገዥውን ቁጣ ፈርቶ እብድ መስሎ ቤቱ ውስጥ ታሰረ። ነፃ የወጣው አል-ሓኪም በ1021 ከጠፋ በኋላ ነው። በኋላም በአል-አዝሀር ደጃፍ መጻሕፍት እየገለበጠ በእጁ ሥራ ኖረ፤ በ1040 ገደማም ሞተ። አላህ ይዘንለት።

«ኪታቡል መናዚር» የተባለውን ሰባት ክፍል ያለውን ትልቅ መጽሐፉን ያዘጋጀው በዚያው ዘመን ነው። ከእሱ በፊት ኤውክሊድና በጥሊሞስ የሚያዩት ዐይን ጨረር ስለሚያወጣ ነው ይሉ ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ነገሩን ገለበጠው። ብርሃን ከነገሮች ተነስቶ ወደ ዐይን ይገባል አለ። ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ዐይኑ ይታመማል፤ ጨረሩ ከዐይን የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ለምን ያመዋል?

በክርክር ብቻ አላበቃም። ብዙ መብራቶችን በተለያየ ቦታ ደርድሮ ፊት ለፊታቸው በትንሽ ቀዳዳ ብርሃን የሚገባበት ጨለማ ስፍራ አዘጋጀ። በጨለማው ግድግዳ ላይ በመብራቶቹ ቁጥር ልክ የብርሃን ነጥቦች ታዩ። አንዱን መብራት ሲሸፍን የዚያ መብራት ነጥብ ብቻ ይጠፋል፤ ሲገልጠው ይመለሳል። ስለዚህ ብርሃኖቹ በአንድ ቀዳዳ አብረው ቢያልፉም አይቀላቀሉም፤ እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ይናገራል ማለት ነው። ሰው ሳይነካው፣ ሳይከፍተው፣ ከሩቅ ሆኖ ከአንድ ነገር የሚመጣውን ብርሃን በጨለማ ውስጥ መመርመር ይችላል። የዛሬው ላቦራቶሪ የሚሠራውም በዚሁ ሐሳብ ነው።

ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎ የጠብሪዙ ምሁር የቁጥቡዲን ሺራዚ ተማሪ የነበረው ከማሉዲን አል-ፋሪሲ የኢብኑል ሀይሠምን መጽሐፍ አስፍቶ አብራራ። «ቀስተ ደመና ከምን ይመጣል?» ለሚለው ጥያቄ የዝናብን ጠብታ የሚተካ ውሃ የተሞላ የብርጭቆ ኳስ በጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ብርሃን ላከበት። ብርሃኑ ወደ ኳሱ ሲገባ ይሰበራል፣ ውስጥ ይንጸባረቃል፣ ሲወጣ ደግሞ ተሰብሮ በቀለማት ይለያያል። ከባልዲ በሚያንስ ዕቃ የሰማዩን ነገር መሬት ላይ አወረደው።

▪ መድኃኒቱ ያበራው ሰማያዊ

በ1672 እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ነጭ ብርሃን በፕሪዝም ሲያልፍ ወደ ቀለማት እንደሚበተን የሚገልጸውን ሥራውን አሳተመ። ይህ የቀለማት ረድፍ ስፔክትረም ይባላል። ብርሃንን በስፔክትረም ዘርግቶ ስለ ምንጩ የማወቅ ሙያ ደግሞ ስፔክትሮስኮፒ ነው።

በ1852 ጆርጅ ስቶክስ በካምብሪጅ የኪኒን መፍትሔን መረመረ። ለወባ የሚሰጠው ያ መራራ መድኃኒት ማለት ነው። መፍትሔው ውሃ የመሰለ ነው፤ ነገር ግን ዐይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ሰማያዊ ያበራል። ስቶክስ አንድ ሕግ አስተዋለ። መልሶ የሚወጣው ብርሃን ከገባው ይልቅ ወደ ቀይ ወገን ያዘነበለ ነው፤ ኃይሉ ቀንሷል ማለት ነው። ይህን ክስተት ፍሎረሰንስ አለው።

ይህን ነገር እናንተም አይታችኋል። ባንክ ሄዳችሁ ገንዘብ ቆጣሪዋ ብሩን ሐምራዊ መብራት ሥር ስታስገባው የሚበራውን ምልክት አስታውሱ። በቀን ብርሃን ሐሰተኛውም እውነተኛውም አንድ ይመስላሉ። በዚያ መብራት ሥር ግን እያንዳንዱ ማንነቱን ይናገራል።

ለጌዴኦ ሰው ከዚህም የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በዓለም የቡና ንግድ ውስጥ የተበላሸ ፍሬን ለመለየት አልትራቫዮሌት መብራት ይጠቀማሉ። ከመጠን በላይ የፈላና የሸተተ ፍሬ በዐይን ሲታይ ከጤነኛው ብዙም ላይለይ ይችላል፤ በመብራቱ ሥር ግን ደምቆ ያበራል። አንድ እንዲህ ያለ ፍሬ አንድ ሙሉ ጀበና ያበላሻል። የይርጋጨፌን ቡና ስም ያስጠራው ልፋት በአንድ ድብቅ ብስባሽ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

▪ የ1839 ሁለት ልደቶች

አሁን ወደ ሶላር እንምጣ። በ1839 ሁለት ነገሮች ተፈጠሩ፤ እርስ በርስ እንደሚገናኙ ግን ማንም አላወቀም።

አንደኛው በፓሪስ ነው። የ19 ዓመቱ ኤድሞን ቤከረል በመፍትሔ ውስጥ የተነከሩ ብረቶች ላይ ብርሃን ሲያርፍ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አየ። ሶላር የምንለው ነገር መነሻው ይህ ነው።

ሁለተኛው የጀርመኑ የማዕድን ሊቅ ጉስታቭ ሮዘ ነው። ከሩሲያ የኡራል ተራሮች የመጣ ጥቁር ድንጋይ መረመረና ካልሲየም፣ ታይታኒየምና ኦክስጅን የያዘ አዲስ ማዕድን ሆኖ አገኘው። በሩሲያዊው ባለሥልጣንና ማዕድን ሰብሳቢ በሌቭ ፔሮቭስኪ ስምም ፔሮቭስካይት ብሎ ሰየመው። በኋላ ግን ቃሉ የአንድ ድንጋይ ስም መሆኑ ቀረና የአንድ አደረጃጀት ስም ሆነ። ሦስት ዓይነት ክፍሎች በተወሰነ ሥርዓት የሚደረደሩበት ክሪስታል ሁሉ ፔሮቭስካይት ተባለ። እንደ ሕንፃ አስቡት፤ ጡቡ ይለወጣል፣ ፕላኑ ግን አንድ ነው።

በ1954 የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ከሲሊከን የተሠራ ሶላር ሴል አሳየ፤ ከሚያርፍበት የፀሐይ ኃይል 6 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ነበር። ዛሬ በየጣሪያችን የምናየው ፓነል፣ የእኛ መስጂድ ፓነልም ጭምር፣ የዚያ ዘር ነው። ሲሊከን ጠንካራ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ነገር ግን ለማዘጋጀት ከ1,400 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል።

በ1978 ጀርመናዊው ኬሚስት ዲተር ቬበር እርሳስንና አዮዲንን ከአንድ ካርቦናዊ ሞለኪውል ጋር አዋሕዶ የፔሮቭስካይት ፕላን ያለው ክሪስታል ሠራ። ግማሹ ማዕድን፣ ግማሹ ካርቦናዊ ስለሆነ ድቅል ወይም ሃይብሪድ ፔሮቭስካይት ይባላል። ሠላሳ ዓመት ገደማ ለሶላር ያሰበው አልነበረም። በ2009 በጃፓን ፕሮፌሰር ፁቶሙ ሚያሳካና ተማሪዎቹ ለሶላር ሞከሩትና 3.8 በመቶ አገኙ። ሆኖም ሴሉ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ክሪስታሉን እያሟሟው ዕድሜው በደቂቃዎች የሚቆጠር ሆነ። በ2012 ፈሳሹን በጠጣር ነገር የተኩ ተመራማሪዎች ውጤቱን ወደ 10 በመቶ አደረሱት። ዛሬ በላቦራቶሪ ከ26 በመቶ አልፏል፤ ከሲሊከን ጋር ተደርቦ ሲሠራ ደግሞ 34 በመቶን ተሻግሯል። የሲሊከን ሴል ከ20 በመቶ በላይ ለመድረስ ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጅቶበት ነበር።

ለምን ይህን ያህል ጉጉት ተፈጠረ? ይህ ነገር እንደ ቀለም ፈሳሽ ሆኖ መስታወት ላይ ሊቀባ ይችላል። 100 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይበቃዋል። ውፍረቱ ከፀጉራችን መቶኛ ክፍል አይበልጥም። ርካሽ ሶላር ለድሃ አገር ማለት ምን እንደሆነ ለእኛ መንገር አያስፈልግም።

ችግሩ አንድ ነው፤ ቶሎ ይበሰብሳል። እርጥበት ያፈርሰዋል። ሙቀት ያፈርሰዋል። ኦክስጅንና ብርሃን ሲገናኙበት ይፈርሳል። ጤነኛው ክሪስታል ጥቁር ቡናማ ነው፤ ሲፈርስ ካርቦናዊው ክፍል ይበንና እርሳስ አዮዳይድ የተባለ ቢጫ ነገር ይቀራል። ቢጫውን በዐይን ስታዩት ግን ሥራው አብቅቷል። ዋናው ጥያቄ ቢጫው ሳይታይ በፊት ሕመሙን እንዴት እንወቅ የሚለው ነው። የእኛ አዛውንት ጥያቄ ማለት ነው።

▪ ብርሃኑ እንዴት ይናገራል?

አንድ ታንከር አስቡ። ፓምፕ ውሃውን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው በቧንቧው ሲወርድ ድምፅ ይሰማል። ታንከሩ ቀዳዳ ካለው ግን ውሃው በየቀዳዳው ያመልጣል፤ ድምፁም ይቀንሳል።

በክሪስታሉ ውስጥ ፓምፑ ብርሃን ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሌዘር። ውሃው ኤሌክትሮን ነው። ኤሌክትሮኑ ኃይል ተቀብሎ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል። ሲመለስ የተቀበለውን ኃይል በብርሃን መልክ ይሰጣል። ይህ በብርሃን ተነክቶ መልሶ ማብራት ፎቶሉሚነሰንስ ይባላል። የስቶክስ ኪኒን ሥራ እዚህም አለ፤ የሚወጣው ብርሃን ከገባው ይልቅ ወደ ቀይ ወገን ነው። እንከን ካለ ግን ኤሌክትሮኑ በእንከኑ በኩል ያመልጥና ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ብርሃን አይወጣም።

ተመራማሪው ከዚህ ብርሃን ሦስት ነገር ይጠይቃል።

አንደኛ፣ ቀለሙ ምንድን ነው? የተለመደው የእርሳስና የአዮዲን ድቅል ፔሮቭስካይት ጤነኛ ሲሆን በ770 ናኖሜትር አካባቢ፣ ዐይናችን ሊያይ በማይችልበት የቀይ ጫፍ ላይ ያበራል። እርሳስ አዮዳይድ ግን የሚሰጠው ብርሃን ወደ አረንጓዴው፣ ወደ 500 ናኖሜትር ገደማ ነው። ቀለሙ ከቦታው ከተንሸራተተ ወይም አዲስ ቀለም ብቅ ካለ ክሪስታሉ ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ።

ሁለተኛ፣ ድምቀቱ ስንት ነው? ብዙ ቀዳዳ ያለበት ነገር ይደበዝዛል። ዛሬ የለካኸውን ከአንድ ሳምንት በኋላ ስትለካው ደብዝዞ ካገኘኸው እንከን እየበዛ ነው ማለት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ምን ያህል ይቆያል? ሌዘሩ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ብርሃኑ ወዲያው አይጠፋም፤ ለጥቂት የሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍሎች፣ በጥሩ ናሙና ደግሞ ለሚሊዮንኛ ክፍል ይቆያል። ጤነኛው ይቆያል፤ የታመመው ቶሎ ይጠፋል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ዕቃውን አለመጉዳቱ ነው። ሽቦ አይታሰርበትም፣ አይቆረጥም፣ ፓነሉ እስኪያልቅም አይጠበቅም። ገና የተቀባው ሽፋን ብቻ እያለ መመርመር ይቻላል።

በ2015 የወጡ ሁለት ጥናቶች የዘዴውን ኃይል አሳዩ። በአንደኛው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በጣም ጥሩ የሚባል ሽፋን ወስደው ብርሃኑን በማይክሮስኮፕ ቦታ በቦታ ለኩት። በሌላ ማይክሮስኮፕ አንድ ወጥ የሚመስለው ሽፋን በዚህኛው ሲታይ ጎረቤታሞች የሆኑ ቅንጣቶች አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ጨለማ ሆነው ተገኙ። በሁለተኛው በስታንፎርድ ኤሪክ ሆክና ባልደረቦቹ አዮዲንና ብሮሚን የተቀላቀሉበትን ፔሮቭስካይት ብርሃን ሥር አቆዩት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቀድሞ ያልነበረ አዲስ ወደ ቀይ ያዘነበለ ብርሃን ብቅ አለ። አዮዲኑና ብሮሚኑ እየተለያዩ፣ እየተቧደኑ ነበር። የሚገርመው ጨለማ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ሲያርፍ ተመልሶ መቀላቀሉ ነው። ይህን ሕመም የጠቆመው ብርሃኑ ነው።

▪ አንድ ምስክር አይበቃም

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። እኛ መድረሳ የቀራን ሰዎች ምስክር ሲቀርብ ምስክርነቱን ብቻ ሳይሆን የምስክሩንም ሁኔታ ማየት እንደሚያስፈልግ ተምረናል። የብርሃንም ምስክርነት እንዲሁ ነው።

ብርሃኑ ደበዘዘ ማለት ሁልጊዜ ተበላሸ ማለት አይደለም። በተሟላ ሶላር ሴል ውስጥ ኤሌክትሮኑን ስቦ ወደ ሽቦ የሚወስድ ንብርብር አለ። ያ ንብርብር ሥራውን በደንብ ሲሠራ ኤሌክትሮኑ ተወስዶ ስለሚያልቅ ብርሃኑ ይደበዝዛል። ቧንቧው ስለሠራ እንጂ ታንከሩ ስለተቀደደ አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ አንዳንድ ናሙና ብርሃን ሥር ሲቆይ ለጊዜው ይደምቃል፤ ይህ ዕድሜው ረዘመ ማለት አይደለም። እርሳስ አዮዳይድም በተለመደው የክፍል ሙቀት ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ፣ አረንጓዴው አልታየም ማለት መበስበስ የለም ማለት አይሆንም።

ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ሌላ ምስክር ይጨምራል። በኤክስሬይ የክሪስታሉን አደረጃጀት ያያል፤ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ ይለካል፤ የኤሌክትሪክ ውጤቱን ይመዘግባል። ሁሉም ሲስማሙ ይፈርዳል። ሌላም ችግር ነበር፤ አንዱ ላቦራቶሪ ናሙናውን በደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ሌላው በእርጥብ አየር ውስጥ እየፈተነ ሁለቱም «ሺህ ሰዓት ቆየ» ይሉ ነበር። በ2020 ከብዙ አገር የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች የፔሮቭስካይት ዕድሜ በምን ሁኔታ ተፈትኖ እንዴት መነገር እንዳለበት የጋራ ስምምነት አወጡ። መስፈሪያው አንድ ካልሆነ ክርክሩ አያልቅም፤ በገበያም እንደዚያው ነው።

▪ ይህ ለእኛ ምንድን ነው?

«ይህ ሁሉ የጃፓንና የአሜሪካ ጉዳይ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሰዎች ከስዊድን ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ብርሃን በሚቀበሉ ፕላስቲኮች፣ ማለትም በፖሊመር ሶላር ሴል ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። እንደ ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ ያሉ ኬሚስቶቻችን ስም ከስዊድናዊው ኦሌ ኢንጋናስ ጋር በዓለም መጽሔቶች ላይ ወጥቷል። ፖሊመር ፔሮቭስካይት አይደለም፤ ነገር ግን ዘመዱ ነው። እሱም ከፈሳሽ ይቀባል፤ እሱም በአየርና በብርሃን ይጎዳል፤ እሱም በስፔክትሮስኮፒ ይመረመራል። እውቀቱ በአገራችን አለ ማለት ነው። ዲላም ዩኒቨርሲቲ አላት። በ1996 በኮሌጅነት ተጀምሮ በ2006 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከመስጂዳችን ሰገነት ላይ ሆነን ልጆቻችን ሲገቡበት ሲወጡበት የምናየው ግቢ ነው።

የጌዴኦ አየር ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ከባድ ፈተና ነው። አገራችን ፀሐይ ቢበዛላትም ዞናችን ዓመቱን ሁለት ጊዜ የሚዘንብበት፣ ጉምና እርጥበት የማይለየው ነው። ቡናው እንሰቱን፣ እንሰቱ ዛፉን ተጠግቶ በንብርብር የሚያድግበት መሬታችን በመስከረም 2023 በሪያድ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቡናውን የሚያሳምረው ጥላና እርጥበት ግን ለደካማ ሶላር ጠላት ነው። በረሃ ላይ አሥር ዓመት የሚቆይ ዕቃ ቡሌ ወይም ገደብ ላይ ስንት ይቆያል? ይህን እዚሁ መለካት ይቻላል።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻም አይደለም። እነዚህ ክሪስታሎች እርሳስ አላቸው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ግራም አይሞላም። ቢሆንም ሲፈርስ የሚቀረው እርሳስ አዮዳይድ በውሃ በመጠኑ ይሟሟል፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የተሰበረ ፓነል ከጣሪያችን ወርዶ እንሰት ሥር ቢጣል ዝናቡ ወዴት ይወስደዋል? በደንብ የታሸገ ፓነል ይህን ይከላከላል። በደንብ መታሸጉን የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል።

ዕቃው ወደ ገበያ መምጣቱም ሩቅ አይደለም። በ2024 ኦክስፎርድ ፒቪ የተባለው ኩባንያ ፔሮቭስካይትና ሲሊከን የተደረቡበትን ፓነል ለደንበኛ ማስረከብ ጀምሯል። እንደ ስልኩ ሁሉ ጥሩውም መጥፎውም እኛ ጋ ይደርሳል። ያኔ «ሃያ ዓመት አትነኩትም» የሚል ሻጭ አይጠፋም።

▪ ወደ አዛውንቱ ጥያቄ

የእኛ ፓነል ሲሊከን ነበር አልኳችሁ። ለሲሊከንም የብርሃን ምርመራ አለ። ፓነሉን ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ በተቃራኒው ኤሌክትሪክ ይሰጡታል፤ ያኔ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዕቃ ራሱ መብራት ይሆናል። ብርሃኑ ለዐይን አይታይም፤ ልዩ ካሜራ ግን ያየዋል። ጤነኛው ቦታ ይበራል፤ የተሰነጠቀውና የሞተው ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ትልልቅ ፋብሪካዎች ፓነል ከመሸጡ በፊት በዚህ መንገድ ይመረምራሉ። ሲመረት የተነሳው ምስል ካለና ዛሬ ከሚነሳው ጋር ከተነጻጸረ፣ «ሲገዛ ታሞ ነበር ወይስ እኛ ጋ ታመመ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለ ማለት ነው።

ይህን ለአዛውንቱ ሄጄ ነገርኳቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ይህን የሚያይ ልጅ ከእኛ መካከል የለም?» አሉኝ። ከመጀመሪያው ጥያቄያቸው ይልቅ ይህኛው ከበደኝ።

ወጣቶች ሆይ፣ ጥያቄው ለእናንተ ነው። ስለ ኢብኑል ሀይሠም የሚለጠፍ ፖስተር ስናይ «ማሻአላህ» ብለን እናልፋለን። እሱ ግን የወረሰውን የበጥሊሞስን መጽሐፍ እየፈተሸ ስህተቱን የሚዘረዝር ሌላ መጽሐፍ ጽፏል። የእሱ ወራሽነት በስሙ መኩራት ሳይሆን መብራት ደርድሮ፣ አንዱን ሸፍኖ፣ የትኛው ነጥብ እንደጠፋ ማየት ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሳችሁ ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪ ሲደርሳችሁ «ሥራ የለውም» ብላችሁ የምታዝኑ ካላችሁ፣ ይህን ታሪክ አስታውሱ። ሕዝባችሁ አምኖ የሚገዛውን ዕቃ የሚመረምር ሰው የለውም።

ለሌሎቻችን ደግሞ ሦስት ምክር አለኝ፤ ሦስቱንም ከራሴ ስህተት የተማርኩት ነው። ለመስጂድም ለቤትም ሶላር ስትገዙ ትልቅነቱንና ማብረቅረቁን አትመልከቱ፤ ገለልተኛ የጥራት ምርመራ ያለፈ መሆኑን ጠይቁ። ለትንንሽ የሶላር መብራቶችና የቤት ሶላሮች ቬራሶል የተባለ ዓለም አቀፍ የጥራት ማረጋገጫ አለ፤ የትኞቹ እንዳለፉ በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። ዋስትናውን በቃል ሳይሆን በወረቀት ተቀበሉ። የገዛችሁበትንም ቀንና በመጀመሪያው ሳምንት ያገኛችሁትን ልኬት ጻፉ፤ ነገ ሲደክም የምታነጻጽሩት መነሻ ይኖራችኋል። እኔ ያን ቀን አንዱንም አላደረግኩም። የእናቶቹ የእንቁላል ገንዘብ እስከዛሬ ከአእምሮዬ አይወጣም።

መስጂዷ አሁን ሌላ ፓነል አላት፤ አልሐምዱሊላህ። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት ልኬት በአንድ የደብተር ወረቀት ላይ ተጽፎ በኮሚቴው እጅ ተቀምጧል። የጻፈው የመንደሩ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አላህ ዕውቀቱን ያስፋለት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።